የእትዬ ቤት ከጓሮ ሲታይ

እኔ ዓይነ አፋር ነኝ። ዓይነ አፋር ስላችሁ አንገቷን ደፍታ የምትሽኮረመም ሙሽራ እንዳይመስላችሁ። የእኔስ በሽታ ነው። ታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ» ማለት ስለማልችል፣ ሌላ ሰው እስኪወርድ ስጠብቅ ሰፈሬን አልፌ ስንት ጊዜ በእግሬ ተመልሻለሁ። ባለሱቅ ስኳር ጠይቄው ጨው ቢመዝንልኝ፣ አመስግኜ ጨዉን ተሸክሜ እገባለሁ። ቤታችን ጨው ተቸግሮ አያውቅም።

እንዲህ ያለችውን ሰው ነው እንግዲህ ቤተሰቤ የቤታችንን ፕላን እንድታሠራ ወደ ኢንጂነር የላካት። የሆነውን ሁሉ በአፌ ልንገራችሁ ብል አይሆንልኝም፤ በጽሑፍ ግን እሞክራለሁ። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል ባያልፍም ወረቀት ጥሩ ነገር ነው፤ አፍጥጦ አያይም።

ነገሩ የሆነው አዲስ አበባ በሙሉ ቤት ትሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። ከመገናኛ ወደ ገርጂ ስትሄዱ በግራም በቀኝም የሚታየው በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፎ የቆመ ሕንፃ ብቻ ነበር። ሰላምታ እንኳ ተለውጦ ነበር። ሰው ከሰው ሲገናኝ «እንዴት ነህ?» ብሎ መልሱን ሳይሰማ «ሲሚንቶ አገኘህ?» ይላል።

እኛም ገርጂ ቦታ ነበረችን። ትንሽዬ ናት። አባዬ አንዱ ጥግ ቆሞ ቢያስነጥስ ከማዶ ያለው ጎረቤት «ይማርህ» ይለዋል። አያቴ ያርሱት ከነበረው ሰፊ ማሳ ለእኛ የተረፈችው እሷ ብቻ ናት። አባዬ ያደገው በዚያ ማሳ ላይ ስለሆነ፣ ዛሬም እዚያ ሲደርስ ጤፍ እንዳይረግጥ የሚጠነቀቅ ይመስል ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው።

ወረዳው ደግሞ ክረምት ሳይገባ ፕላን አጸድቀን ግንባታ ካልጀመርን ቦታዋ ለመንግሥት እንደምትመለስ ነገረን። ቤተሰብ ተሰበሰበ። ቤተሰብ ማለት አባዬ፣ እማዬ፣ ወንድሜ ደረጀና እኔ ነን፤ እኔ ከመጋረጃው አጠገብ።

ደረጀ ቦሌ መድኃኔዓለም ሞባይል ይሸጣል። ስለ ዘመናዊ ነገር እሱ ነው የሚያውቀው።

«ጂ ፕላስ ቱ!» አለ። «ታች ሱቅ፣ መሀል ኪራይ፣ ላይ እኛ። ፊቱ በሙሉ ሰማያዊ መስታወት!»

«እኔ ጭስ የማያፍነኝ ማድ ቤት ላግኝ እንጂ ላዩም ታቹም የእናንተ» አለች እማዬ።

አባዬ ዝም አለ። የአባዬ ዝምታ ረጅም ነው። ራት ቀርቦ ተነሣ፣ እሱ ዝም እንዳለ ነው። በመጨረሻ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለና «የእትዬን ቤት ነው የምሠራው» አለ።

እማዬ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ደረጀ ግን ሳቀ። «ያ የድሮ ቤት? አባዬ፣ እሱ እኮ ፈረሰ።»

«ፈርሶ አይደል ወይ የምሠራው?»

እትዬ የምንላቸው እትዬ የሺመቤት ናቸው። ቤታቸው ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሳይርቅ፣ በጃንሆይ ጊዜ የተሠራ ቪላ ነበር። አባዬ ዘበኛቸውም አትክልተኛቸውም ነበር፤ እማዬ ወጥ ቤት። እኔና ደረጀ ያደግነው ከቪላው ጀርባ በነበረችው ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው።

ያን ቤት ብታዩት! ፎቅ የለው፣ ማማ የለው፣ መሬቱ ላይ ዘና ብሎ የተጋደመ ቤት ነበር። ጣሪያው ዝቅ ያለ ሆኖ ጠርዙ ከግድግዳው አልፎ እንደ ባርኔጣ ጥላ ይጥላል። የፊቱ ግድግዳ ግማሹ በጥርብ ድንጋይ የተለበጠ፣ በረንዳው ደግሞ በቀጫጭን ብረቶች ላይ የቆመ ነው። የሳሎኑ መስኮት ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ነበር፤ ማታ መብራት ሲበራ ቤቱ በሙሉ ፋኖስ ይመስላል። የአሁኑ ሕንፃ ሁሉ «እዩኝ» ይላል። ያ ቤት «ግቡ» የሚል ይመስል ነበር። እኛን ባይሆንም።

የእኛ ዓለም የጓሮ ደረጃዋ ነበረች። ከማድ ቤቱ በር ወደ ጓሮ የምታወርድ ሰፊ የሲሚንቶ ደረጃ ናት። ከምሳ በኋላ ፀሐይዋ እሷ ላይ ትወድቃለች። ሁላችንም እዚያ ተደርድረን እንቀመጥና አባዬ እትዬን ያስመስላል።

እትዬ ስልክ ሲያወሩ፣ ሰውየው ያለበት አገር በራቀ ቁጥር ድምፃቸውን ከፍ ያደርጉ ነበር። መገናኛ ላለ ሰው በመጠኑ ነው። ድሬዳዋ ላለ ሰው ጎረቤት ይሰማል። ባሕር ማዶ ላለች እህታቸው ሲሆን ደግሞ ውሻችን ከተኛበት ተነሥቶ ይጮኻል። አባዬ የእማዬን ጭልፋ ጆሮው ላይ ይደግንና አንድ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ፣ «ሃሎ! ትሰሚኛለሽ ወይ? እኔ አልሰማሽም!» ሲል፣ እማዬ ሆዷን ይዛ «ተው በእመቤቴ፣ ይሰሙሃል» እያለች ትንፈቀፈቃለች። እውነቱን ለመናገር አባዬ ሲያስቅ ያየሁት እዚያች ደረጃ ላይ ብቻ ነው። በር ላይ ሲቆም ሌላ ሰው ነው።

ሳቁ ሲደምቅ የእትዬ ነጠላ ጫማ በኮሪደሩ ጠፍ ጠፍ ሲል ይሰማል። ሁላችንም ብድግ! ጭልፋው ድስት ውስጥ፣ ኮፍያው እጅ ላይ። እትዬ በሩን ይከፍቱና ያዩናል፤ ከዚያ «ውሃ መጣ ወይ?» ይላሉ። «መጥቷል እትዬ።» ይመለሳሉ። ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ውሃ መጣ ወይ?» አባዬ ይችንም ከማስመሰያው ጨምሯት ነበር።

በኋላ ባላቸው ጋሼ ሞቱ፣ ልጆች ውርስ ተካፈሉ፣ ቤቱ ተሸጠ። ገዢው አፈረሰውና በቦታው ባለመስታወት ሕንፃ ቆመ። አባዬ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አያልፍም። ታክሲው በዚያ የሚሄድ ከሆነ ከሩቅ ወርዶ በእግሩ ይዞራል። ለምን ስትሉት «ለጤና ነው» ይላችኋል።

ወደ ኢንጂነሩ ልመለስ። ኢንጂነር ናትናኤል ወጣት ነው፤ ቦሌ ፎቅ ላይ ቢሮ አለው። መጀመሪያ አባዬ ራሱ ሄዶ ነበር። ግን ወንበሩ ጫፍ ላይ ስለተቀመጠ ወንበሩ ተንሸራቶ ሊጥለው ደረሰ፤ ሁለተኛ አልሄድም አለ። ደረጀ ሥራ አለው። እማዬ «እኔ ምን አውቅልህ» አለች። ቀረሁ እኔ።

ስለ ቤቱ የነገርኩት ሹክ ብዬ ነው፤ እሱ ግን ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ።

«ገባኝ! ሚድ ሴንቸሪ ነው፣ የጃንሆይ ጊዜ ስታይል! በጣም አሪፍ ቴስት ነው ያላችሁ። እዚህ አገር እኮ ምርጥ ምርጥ ነበሩ፣ ሁሉንም አፈረሷቸው። ሲምፕል የሆነ ላይን፣ ስፔሱ ደግሞ ፍሎው የሚያደርግ፣ አይደል?»

ራሴን ነቀነቅሁ። «አይደል?» የሚል ሰው ፊት አንገቴ የራሱ ሥልጣን አለው፤ እኔን አይጠይቅም።

«ማድ ቤቱ ኦፕን ይሁን፣ አይደል?»

ነቀነቅሁ።

«ቦታው ኮምፓክት ስለሆነ ዘበኛ ቤት ምናምን አያስፈልግም፣ አይደል?»

ነቀነቅሁ። ያን ቀን «ቤቱን ጣና ሐይቅ ላይ እናድርገው፣ አይደል?» ቢለኝ ኖሮ ዛሬ በታንኳ ነበር የምንገባው።

ፕላኑ ሲደርስ ይዤ ገባሁና አልጋ ላይ ዘረጋሁት። ያምር ነበር። እማዬ አጎንብሳ ብዙ ፈለገች።

«ማድ ቤቱ የታለ?»

ደረጀ በጣቱ አሳያት።

«እሱማ ሳሎን ነው።»

«ሁለቱም ነው እማዬ። ኦፕን ኪችን ይባላል። ግድግዳ የለውም።»

እማዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። «እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ አፍንጫዬን ስጠርግ፣ እንግዳው ፊት ለፊት ሶፋ ላይ ሆኖ ሊያየኝ? ምን አደረግኋችሁ ልጆቼ?»

አባዬ ወረቀቱን አዞረው፤ ደግሞ መልሶ አዞረው። «ዘበኛ ቤቱስ?»

«አባዬ፣ ዘበኛ እኮ አንቀጥርም» አለ ደረጀ።

«ዘበኛ ቤት የሌለው ግቢ ማን ይጠብቀዋል?»

«ብንሠራውስ ማን ይገባበታል?»

አባዬ አሰበ። «እኔ» አለ።

«ቤቱ ውስጥስ ማን ይኖራል?»

አባዬ ለመፈረም የያዘውን ብዕር አስቀመጠ። «ይኼ የእትዬ ቤት አይደለም። አልፈርምም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ እንደ ልጅነቴ በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ» አለኝ፣ ልጄ ማለቱ ነው፣ «ይህን ነው ወይ የነገርሽው?» ወለሉ ተከፍቶ ቢውጠኝ በወደድሁ።

ሰማዩ ከእንጦጦ በኩል መጥቆር ጀምሯል። ክረምቱ እየመጣ ነው፤ ወረዳው ደግሞ አባዬ እስኪፈርም አይጠብቅም። ቦታዋ ከሄደች አባዬ ሌላ መሬት የለውም። የአያቴ ማሳ የሚባል ነገር ያን ጊዜ ማለቁ ነው።

ኢንጂነሩ ጨዋ ልጅ ነው፤ አልተቆጣም። ራሱ ገርጂ ድረስ መጣ። «እሺ አባባ፣ ያን ቤት እዚሁ መሬት ላይ ያሳዩኝ። አመድ እየበተኑ ይሂዱ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ እለካለሁ።»

አባዬ ደስ አለው። አመዱን በጆንያ ይዞ ጀመረ። መጀመሪያ ትልቁን በር አሰመረ። ከዚያ ዘበኛ ቤቱን። ከዚያ ጠጠር የፈሰሰበትን መንገድ፣ የጽጌረዳውን መደብ፣ የውሻውን ቤት፣ በረንዳውን። ሲጨርስ የቦታዋ ግማሽ አልቋል። ጆንያውን እማዬ ተቀበለችው። ማድ ቤት፣ የእህል ጓዳ፣ የልብስ ማጠቢያ፣ የልብስ ማስጫ፣ በመጨረሻም ሰርቪስ ቤት አሰመረች። እሷ ስትጨርስ ሌላው ግማሽ አለቀ። በአባዬ አመድና በእማዬ አመድ መካከል አንድ ቀጭን መሬት ቀረች፤ ኢንጂነሩ እሷ ላይ ቆመ።

«ይችስ ምንድን ናት?»

«እሷማ ቤቱ ናት» አለ አባዬ።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አለ ደረጀ። «በጎኔ ከተኛሁ ትበቃኛለች።»

ኢንጂነሩ ሳቁን ዋጠ። «እሺ። ሳሎኑ ምን ይመስል ነበር?»

ጉዳችን የወጣው ያን ጊዜ ነው። አባዬ እማዬን አየ፣ እማዬ አባዬን አየች። አባዬ ወደ ሳሎኑ ይገባ የነበረው አምፖል ሲቃጠል ነው፤ መሰላል ተሸክሞ። ስለዚህ ኮርኒሱን ያውቃል። እንጨቱ እንዴት እንደተደረደረ፣ እንደ ወተት ነጭ የሆነው ክብ መብራት በየትኛው ብሎን እንደተያዘ ሳይቀር ነገረው። እማዬ ደግሞ ትገባ የነበረው ትሪ ይዛ አንገቷን ደፍታ ነው። ወለሉን ታውቃለች። ጥቁርና ነጭ ጠጠር የተረጨበት ሆኖ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰም ይቀባል፤ በሩ አጠገብ የዶሮ እግር የመሰለ ስንጥቅ ነበረው።

«ግድግዳውስ?» አለ ኢንጂነሩ።

«ግድግዳ መቼም ሳይኖረው አይቀርም» አለ አባዬ።

«መኝታ ቤቱ ስንት ነበር?»

«እንግዲህ በሩ ዝግ ነው» አለች እማዬ።

እኔ ሳሎኑን አውቀዋለሁ። የጠየቀኝ ስለሌለ ነው ዝም ያልኩት። እኔ የማውቀው ከውጭ ነው፤ በመስታወቱ በኩል። ዝናብ ሲዘንብ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እቆምና አፍንጫዬን መስታወቱ ላይ እለጥፋለሁ። ውስጥ እግራቸው የቀጠነ ዝቅ ዝቅ ያሉ ወንበሮች አሉ፤ ሊሮጡ የተዘጋጁ ሚዳቋዎች ይመስላሉ። እንደ ቁም ሳጥን ያለ የእንጨት ራዲዮ አለ፤ አረንጓዴ ዓይኑ ቦግ ይላል። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ ሲያልፍ መስታወቱ አፍንጫዬ ላይ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ትንፋሼ መስታወቱን ይሸፍነውና ሳሎኑ ይጠፋል። እጄን ዘርግቼ እጠርገውና እንደገና ይመጣል። ስንት ዓመት አለፈው! ዛሬም ዝናብ የነካው መስታወት ሲሸተኝ ያ ሰም የተቀባ ወለል አብሮ ይሸተኛል፤ ውስጡን አሽትቼ ባላውቅም።

ኢንጂነሩ ደብተሩን ዘጋ። «ኮርኒስ አለን፣ ወለል አለን። ቤት የለንም። አባባ፣ በፊት በኩል የኖረ ሰው የለም?»

«እትዬ አሉ እንጂ!» አለች እማዬ።

እትዬ ላምበረት አካባቢ ከልጃቸው ጋር ፎቅ ላይ ይኖራሉ። እማዬ በየበዓሉ ትጠይቃቸዋለች። አባዬ ግን ቤቱ ከፈረሰ ወዲህ አይቷቸው አያውቅም። እሳቸው ጋ የሄድን ቀን የበዓል ኮቱን ለብሶ ጫማውን ወልውሎ አብሮን መጣ። የሕንፃው በር ላይ ስንደርስ ከዘበኛው ጋር ሰላምታ ተለዋወጠ፤ ከዚያ አጠገቡ አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ።

«እናንተ ግቡ። እኔ እዚህ ሆኜ በሩን አያለሁ።»

«የማንን በር?» አለች እማዬ።

እኔና እማዬ ወጣን።

እትዬ አንሰዋል። ትልቅ ሶፋ ላይ ትራስ መስለው ነበር የተቀመጡት። «አስካለ! ነይ ሳሚኝ» አሉ እማዬን። እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ይህቺ ያቺ መስኮት ላይ አፍንጫዋን የምትለጥፈዋ ናት?»

ፊቴ ነደደ። ለካ መስታወቱ በሁለቱም በኩል ያሳይ ኖሯል!

«ጠዋት እናትሽ ትጠርገዋለች፣ ማታ አንቺ መልሰሽ ታቆሽሺዋለሽ» ብለው ሳቁ።

እማዬ ጉዳዩን አስረዳችና የኢንጂነሩን ወረቀት ዘረጋችላቸው። «እንግዲህ እትዬ፣ ሳሎኑ እንዴት እንደነበር ይንገሩን።»

«ሳሎኑ?» አሉ። አሰቡ። «ብርድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ነው የምቀመጥበት። ጋሼ ካረፉ በኋላ ደግሞ እንግዳው ቀረ።» መነጽራቸውን ወረቀቱ ላይ አንከራተቱ። «የጓሮ ደረጃዋ የታለች?»

«የቷ እትዬ?»

«እናንተ የምትቀመጡባት። ከምሳ በኋላ ስትስቁ እሰማ ነበር እኮ። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ምን እንደሚያስቃችሁ ልስማ ብዬ በኮሪደሩ እመጣለሁ። በሩን ስከፍት ሁላችሁም ቆማችኋል! ቶሎሳ ኮፍያውን አውልቆ፣ አንቺ እጅሽን በሽርጥሽ እየጠረግሽ። መቼም ዝም ብዬ አልመለስ፣ አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ‹ውሃ መጣ ወይ› እላለሁ።» መነጽራቸውን አወለቁ። «ውሃው መምጣቱንማ አውቃለሁ።»

እማዬ ሳል ያዛት። ወዲያው መሬት መሬት ማየት ጀመረች፤ ወለሉን ልታጠና እንደሆነ እንጃ።

«እንሠራታለን» አለ አንድ ድምፅ። እማዬ ማን እንደተናገረ ለማየት ዞረች። እኔ ነኝ! እኔም ደንግጬ ነበር። «ደረጃዋን እንሠራታለን እትዬ። ይመጣሉ?»

«እመጣለሁ» አሉ። «ግን ስመጣ እንዳትነሱ።»

«ኧረ እንዴት ተደርጎ እትዬ!» አለች እማዬ።

«እንግዲያው አልመጣም።»

ስንወርድ የሆነውን ለአባዬ ነገርነው። ኮፍያውን አውልቆ ሲያዞረው ቆየ። «ይሰሙ ነበር ማለት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። «ሳቁን እንጂ ነገሩን አልሰሙም» አለች እማዬ። እስከ ገርጂ ኮፍያውን መልሶ አላደረገም።

በነጋታው ኢንጂነሩ ጋ ሄድኩ። ከታክሲ ስወርድ «ወራጅ አለ» ብያለሁ፤ ረዳቱ ባይሰማኝም። ቢሮው ውስጥ ወንበሩ ላይ በደንብ ተቀመጥኩና ዓይኔን ጨፍኜ ተናገርኩ። ቤቱን ከጓሮ በኩል ጀምረው አልኩት። መጀመሪያ ሰፊ ደረጃ። ማድ ቤቱ ግድግዳም በርም ይኑረው፤ በሩ በደረጃዋ ላይ ይከፈት። የሳሎኑ ትልቅ መስታወት ወደ መንገድ ሳይሆን ወደ ደረጃዋ ይይ። ውስጥ ያለው ሰው ውጭ ያለውን፣ ውጭ ያለው ውስጥ ያለውን ይየው። ዓይኔን ስገልጥ ኢንጂነሩ መሳል ጀምሯል።

«ፊቱን ወደ ጓሮ ያዞረ ቤት» አለ። «በመንገዱ በኩል ድንጋይ ብቻ። ቤቱን አጥሩ ድረስ ብናስጠጋው ጓሮው ይሰፋል። ይኼ እኮ ነው ትክክለኛው! አይደል?»

ልነቀንቅ ስል አንገቴን ያዝኩት። «ኮርኒሱ የእንጨት ይሁን» አልኩ። «ወለሉ ደግሞ ጥቁርና ነጭ ጠጠር።»

አዲሱን ፕላን አባዬ አየው፤ አሁንም አዞረው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «ደረጃዋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ትልቁ በር ይታየዋል?»

«በጎን በኩል ይታያል አባባ» አለ ኢንጂነሩ። «በሩ አጠገብ ደግሞ አንድ የድንጋይ አግዳሚ አድርጌልዎታለሁ። ዘበኛ ቤት አይደለም፤ ግን ለመቀመጥ ያህል።»

አባዬ ፈረመ። ደረጀም መሠረቱ አንድ ቀን ፎቅ እንዲችል ሆኖ ይጣልልኝ ብሎ ተስማማ። ወረዳው አጸደቀልን፤ የመጀመሪያው ዝናብ የጣለው ቆፋሪዎቹ መሠረቱን ሲጀምሩ ነው። የአያቴ ማሳ ተረፈች።

ሥራውን አልተርክላችሁም። ሲሚንቶ ፍለጋ የተንከራተተ ሁሉ ያውቀዋል። የጎረቤቱን ነገር ግን ሳልነግራችሁ አላልፍም። ግድግዳው ቆሞ በመንገዱ በኩል መስኮት ሲጠፋ ሰው እየመጣ ያዝንልን ነበር። «ቤታችሁ ዞሮባችኋል እኮ! ግንበኛው ፕላኑን ዘቅዝቆ ይዞት ነው!» አንዲት ሴትዮማ በደረጀ ትከሻ ላይ እጃቸውን ጥለው «አይዞህ፣ ገና ልስን ስላልሆነ ይመለሳል» ብለውታል።

ቤቱ አለቀና የምረቃው ሳምንት መጣ። «አንነሣም» ብለን እትዬን አስማምተናቸው ስለነበር እማዬ ልምምድ አወጀች። ደረጀ ነጠላ ጫማ አድርጎ እትዬን ይሆናል፤ እኛ ደረጃዋ ላይ እንቀመጣለን፤ እሱ ጠፍ ጠፍ እያለ ሲመጣ አለመነሣት ነው ሥራችን። አባዬ ሁልጊዜ ተነሣ።

«ተቀመጥ አባዬ!»

«እኔ መቼ ተነሣሁ? እግሬ ነው እኮ!»

እማዬ የኮቱን ጫፍ ይዛ ስትለማመድ ሰነበተች።

በምረቃው ቀን እትዬ በልጃቸው መኪና መጡ። አባዬ ሮጦ ሁለቱንም የበሩን ክንፍ ከፍቶ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። «ቶሎሳ፣ የገዛ ቤትህን በር ማን ክፈት አለህ?» አሉት። አባዬ ተደናግጦ መልሶ ሊዘጋው ነበር። ልጃቸው ደግፋ በፊት በር ስታስገባቸው እኛ በጎን ሮጠን ደረጃዋ ላይ ተደረደርን፤ ዘመዶቻችን፣ ኢንጂነሩም ጭምር፣ ሳህን ሳህናችንን ይዘን።

ሳሎን ውስጥ ለእሳቸው የተዘጋጀ ወንበር ነበር። በመስታወቱ አየኋቸው፤ ወንበሩን አልፈው ኮርኒሱን ቀና ብለው አዩ፣ ወለሉን አጎንብሰው አዩ። ከዚያ በማድ ቤቱ በኩል ጫማቸው ጠፍ ጠፍ አለ። በሩ ተከፈተ።

ሁላችንም ብድግ! እማዬ እንኳ። ነገሩን የማያውቁት ዘመዶቻችን ሳይቀሩ ከነሳህናቸው ቆሙ።

እትዬ በሩ ላይ ቆመው አዩን። ዓይናቸው ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ፊታቸው እንደ ድሮው ሆነ።

«ውሃ መጣ ወይ?» አሉ።

ልጃቸውን ሊጠሩ ሲዞሩ እማዬ ዱብ ብላ ተቀመጠች፤ የአባዬን ኮት እንደያዘች ስለነበር አባዬም አብሮ ወረደ። ከዚያ ሁሉም ተቀመጠ። እትዬ በቀስታ ወረዱና በእማዬና በአባዬ መካከል ቁጭ አሉ። አባዬ ደረጃዋን ጫፏ ላይ ነው የያዛት፤ እንደ ኢንጂነሩ ወንበር። አውሮፕላን ዝቅ ብሎ አለፈ።

«እንግዲህ ንገሩኝ» አሉ እትዬ ድምፁ ሲርቅ። «ያኔ ምን ነበር የሚያስቃችሁ?»

አባዬ ጫማውን አየ። እማዬ «ኧረ ምንም እትዬ፣ እንዲሁ ነው» አለች።

«እንዲሁ?» አሉ፤ ቀስ ብለው ነጠላቸውን ሰበሰቡ፤ ተነሥቶ እንደሚሄድ ሰው።

መናገር አልቻልኩም። ተነሥቼ ማድ ቤት ገባሁና ጭልፋውን አምጥቼ አባዬ እጅ ላይ አስቀመጥኩት።

አባዬ ጭልፋውን አየ። እኔን አየ። እትዬን አየ። ከዚያ ብድግ አለ፤ እማዬም ኮቱን ለቀቀችው። አንድ እጁን ወገቡ ላይ አደረገ፣ ጭልፋውን ጆሮው ላይ ደገነ።

«ሃሎ!» አለ። «ትሰሚኛለሽ ወይ? እኔ አልሰማሽም!»

ማዶ ያለው የጎረቤት ውሻ ተነሥቶ ጮኸ። እትዬ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ በእማዬ ጉልበት ላይ ተደግፈው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

«የት ነው የምደውለው?» አሉ ሳቁ ሲለቃቸው። «ድሬዳዋ ነው?»

«ባሕር ማዶ ነው እትዬ» አለ አባዬ፣ ጭልፋውን ከጆሮው ሳያወርድ።